የመንገዱ ዘይትና የአያቴ እጅ

አያቴ ቄስ ነበሩ። በመጨረሻ ዘመናቸው ግን ሰው መስቀል ሊሳለም ሲጠጋቸው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ «እጄ ሲጠራ» ይሉ ነበር።

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከመኪኖቻቸው የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይትና ከበርሜል ሥር የሚቀረውን የነዳጅ አተላ አይደፉትም። ከጠጠር ጋር እያስለወሱ ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ያስነጥፉበታል። አያቴንም ከገበሬው ጋር ነዷቸው፤ በባዶ እጃቸው አስለወሷቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ውጭ ከጥዱ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። በየቀኑ እጃቸውን በአመድና በእንዶድ ያሻሉ።

አንድ እሑድ፣ «አባባ፣ ጠርቷል እኮ፤ ይግቡ እንጂ» አልኋቸው።

እጃቸውን አሸተቱና፣ «አልለቀቀም። ይህን ይዤ መቅደስ አልገባም፣ ልጄ» አሉኝ።

ተናደድሁ። ጥፋቱ የሌላ፣ ቅጣቱ የእርሳቸው!

በመጋቢት ሞቱ። ስንገንዛቸው ጥቁረቱ ከጥፍራቸው ሥር እንዳለ ነበር። አስከሬናቸውን ተሸክመን በቀትር በዚያው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣን። ፀሐዩ ዘይቱን አቅልጦታል፤ እኛ ባዶ እግራችንን ነን፤ ማንም ልብ አላለም።

ፍትሐት ሲጀመር ወደ ታች አየሁ። ከበሩ እስከ አስከሬናቸው ድረስ ምንጣፉ ላይ የእግራችን ዱካ ጠቁሯል። እርሳቸው እስኪሞቱ ከደጅ ያስቀሩትን እኛ በእግራችን ይዘንባቸው ገባን።

በማግሥቱ ምንጣፉን በእንዶድ አሸሁት፤ አልለቀቀም። የጥዱ ሥር ባዶውን ቀርቷል። እኔ ግን በዚያ እግሬ እርሳቸው በቆሙበት ልቆም አፈርሁ።