እናቴ የያዘችው ብራና

በቀደም ዕለት ዝናብ የመታውን የቆዳ ቦርሳዬን ማሞቂያው አጠገብ ሰቅዬ ዞር ከማለቴ፣ ቤቱን የሞላው የእርጥብ ቆዳ ሽታ ሳላስበው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። እኔና እናቴ ሮም ውስጥ የኖርንበት ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ይሸት ነበር። የቤቱ ጌታ፣ ሲኞሬ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ያረጁ የላቲን የዜማ መጻሕፍት ገዝተው፣ ቅጠል በቅጠል ቆርጠው፣ የተጨማደደውን ብራና በእርጥብ ጨርቅ አቃንተው፣ መስታወት አልብሰው ለሀብታሞች ይሸጡ ነበር። አንዱ ቅጠል እኔን ሊያክል ምንም አይቀረው፤ በቀይ መስመሮቹ ላይ ጥቋቁር የዜማ ምልክቶች ተደርድረው፣ የመጀመሪያው ፊደል በእጅ በተሳለ ሐረግና ወፍ ተከቦ በወርቅ ያበራ ነበር።

እናቴ አስካለ የቤታቸው ሠራተኛ ነበረች። ደርግ አባቴን ካሰረው በኋላ እኔን ይዛ ከአዲስ አበባ ወጥታ እዚያ ገባች፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍልም እንኖር ነበር። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው ሲኞሬ ሲፈርሙላት ስለነበር፣ «ውጪ» ካሏት መሄጃ አልነበረንም።

ብርዱ ሲገባ ገዢዎች ይበዙ ነበር። እነሱ በመጡ ቁጥር እናቴ እንዳልታይ ክፍላችን ውስጥ ዘግታብኝ ትሄዳለች፤ እኔም ሳሌ እንዳይሰማ ትራሱን አፌ ላይ ይዤ፣ በመስኮቱ የሚታየውን የጎረቤት ግድግዳ እያየሁ እቀመጥ ነበር። እናቴ የምታርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው፤ ያኔ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄደን፣ የአገራችን ሴቶች ማን እንደታሰረ ማን እንደተፈታ ሲያወሩ ሰምተን እንመለሳለን። የቤቱ ደረጃ ጋ ስንደርስ የእናቴን እጅ ወደ ኋላ እጎትት ነበር።

አየሩ ሞቅ ሲል፣ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የተሸከሙት አንድ ወፍራም መጽሐፍ መጣ። የሲኞሬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር፣ ሲቆርጡ እንድትይዝላቸው እናቴን ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ጠሯት። እናቴ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ሳትሳለም ገልጣ አታውቅም። ፊቷን ወደ ጣሪያው አዙራ ያዘችላቸው። ከዚያ ወጥታ እጇን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ ቆየችና፣ «የኔ ልጅ፣ ፍየል እንኳ ሲታረድ ይጮኻል፤ መጽሐፍ ግን አፍ የለውም» አለችኝ።

በበጋው ሙቀት ሌላ መጽሐፍ መጣ። ሲኞሬ ቢላቸውን ስለው ሲጠሯት፣ እናቴ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ከታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሲኞሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ይህን ግን አልይዝም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና ከኋላዋ የቆምኩትን እኔን አዩኝ።

«አሎራ፣ እንግዲያው ትንሿ ትያዝልኛ!» አሉ።

ደስ አለኝ። ወደዚያ ክፍል ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። በእናቴ ጎን ሾልኬ ገብቼ መዳፎቼን ብራናው ላይ ዘረጋሁ፤ ይቀዘቅዛል፣ ይለሰልሳል። ሲኞሬ ቢላውን ሲያነሱ የእናቴ እጆች በእጆቼ ላይ አረፉ፤ ቀስ ብላ ጣቶቼን አላቀቀቻቸውና መጽሐፉን ራሷ ያዘችው።

«ውጪ» አለችኝ በአማርኛ፣ ሳታየኝ። «በሩንም ዝጊው።»

ዘግቼው ቆምኩ። ከወዲያ በኩል ብራናው ሲቆረጥ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ በተጠራች ቁጥር ሄዳ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ትይዝ ነበር። በመጨረሻ ሲኞሬ ቢላ መጨበጥ አቅቷቸው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሲሞቱም ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት፣ እኛንም አንዲት የተርሚኒ ወዳጃችን ሌላ ቤት አስገባችን። አባቴ ከእስር ሳይወጣ ቀረ።

ያን ጊዜ፣ «ለምን ሻንጣችንን አንስተን አንወጣም?» እያልኩ በእናቴ በሆዴ እናደድ ነበር። ዛሬ እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ፓስፖርት አለኝ፣ የራሴ ቤት አለኝ፣ ከሥራ ብባረር ሌላ አላጣም፤ እንዲያም ሆኖ አለቃዬ ፊት ምላሴ የሚታሰርበት ቀን ብዙ ነው። እናቴ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይኖራት፣ ከኋላዋ እኔ ቆሜ፣ አንድ ቀን «አልይዝም» ብላለች።