ወደፊት የሚውለበለብ ባንዲራ

ቢቸና በሚገኘው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማዕከል ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ መቀስ ነው። ሁለተኛው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ስመጣ የጠበቅሁት ጠመኔ ስለነበር ከፋኝ። የማዕከሉ አስተባባሪ ጋሽ ፈንታሁን ግን ኩርፊያዬን እንዳላየ ሰው አልፈው፣ ከረጢቱን ገልብጠው ዘረጉና የአፍሪካን ካርታ እንድሠራበት አዘዙኝ።

ሠራሁት። ባሕሩን በሰማያዊ ሞገድ ሞላሁት፤ ዳር ዳሩን በአበባ ሐረግ ከበብኩት። ጋሽ ፈንታሁን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ትንሽ ካዩት በኋላ ማዳጋስካር ወዴት እንደሄደች ጠየቁኝ። ረስቻት ነበር።

«የሺ፣» አሉኝ፣ «ተማሪው አይቶት የማያውቀውን ነገር ስትሠሪ ማስጌጡን ተይው። ስሕተትሽን የሚያርምበት ሌላ ነገር የለውም።»

ማዕከሉ የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሙጫና የደራረቁ የቀለም ጣሳዎች ነበሩን። ረዳት ባለሙያ ሆኜ ገባሁ፤ ኋላ ባለሙያ ተባልኩ። ሉል ከተነከረ ጋዜጣ፣ ሳንባ ከፊኛ፣ ልብ ከጭቃ ሠርቻለሁ። በወረዳችን ገጠር የእኔ እጅ ያላረፈበት የመማሪያ ክፍል ካለ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ ነው ማለት ነው። ይህን ስናገር አልኮራም ብል ውሸት ነው።

አንድ ዓመት ለመዋዕለ ሕፃናት ተብሎ ከውጭ አገር በእርዳታ የተላከ የፕላስቲክ መጫወቻ በካርቶን ተሞልቶ መጣ። ከላዩ ጉጥ ጉጥ ያለው፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚይዝ ጡብ ነው። ትልልቆቹ ለሕፃናቱ ተሰጡ። ትንንሾቹን ልጆች ይውጧቸዋል ተብሎ ስለተፈራ ወደ እኛ ላኳቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ብሎኬት አልናቸው፤ በዚያው ጸኑ።

ጋሽ ፈንታሁን በብሎኬቶቹ ላይ አንድ ሕግ አወጡ፤ ሙጫ የሚባል ነገር አይነካቸውም። ዕቃው የሕፃናቱ ነው፤ ሲጠይቁን ንጹሑን እንመልሳለን። ስለዚህ በብሎኬት የምንሠራው ነገር ሁሉ እንደሚፈርስ ታውቆ የሚሠራ ነበር። መጀመሪያ ሕጉ አናደደኝ፤ ለካ ሙጫ ስሕተትንም አብሮ ያጣብቃል። ያለ ሙጫ የሠራ ሰው ሁልጊዜ ማረም ይችላል።

መርከቧን ያመጣብኝ የሁለተኛ ደረጃው የታሪክ መምህር አበጀ ነው። የቀይ ባሕርን ንግድ እያስተማረ ሳለ ተማሪዎቹን መርከብ ሣሉ ብሏቸው፣ ሥዕሎቹን ይዞልን መጣ። የሚበዙት ውኃ ላይ የተቀመጠ አውቶቡስ ነበሩ። አንደኛውማ ጎማዎቹን ሳይቀር በጥንቃቄ ሥሏቸዋል። ሳቅን፤ ነገር ግን አበጀ ራሱም ባሕር አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። ጋሽ ፈንታሁን ሥዕሎቹን እያገላበጡ፣ ክረምቱ ሲገባ ይህን ሥራ እንድይዘው አዘዙኝ።

በእጄ የነበረው ምስል ከአሮጌ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ያገኘነው፣ በመዳፌ የሚሸፈን የሳምቡክ ሥዕል ነው። ሳምቡክ በቀይ ባሕር ለብዙ ዘመን ሸቀጥ ሲያመላልስ የኖረ የእንጨት መርከብ ነው፤ ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ሞተር ከመምጣቱ በፊት እንደነበረው አድርጌ ልሠራው ቆረጥሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቅርጹ ነው። ብሎኬት አራት ማዕዘን ነው፤ መርከብ ደግሞ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ጎባጣ ናት። ከሥር አከርካሪዋን ዘረጋሁና እያንዳንዱን ረድፍ ከታችኛው በአንድ ጉጥ ወደ ውጭ እያወጣሁ ጎኗን ገነባሁ። ግንበኛ ድንጋይ ሲደርብ እንደሚያደርገው፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል ተጠነቀቅሁ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ደረጃ ደረጃ ነው፤ በር ላይ ቆመው ሲያዩት ግን ክብ ሆዷ ይታያል። ያን ያየሁ ዕለት ዘበኛውን ጠርቼ በር ላይ አቁሜ አሳይቼዋለሁ።

መጠኗን የምለካው ከካርቶኑ ውስጥ በተገኘ፣ አንድ እጅ በሌለው የፕላስቲክ ሰውዬ ነበር። ወለሏ ላይ ቆሞ ከጎኗ በላይ ማየት ካቃተው ጎኑን ከመጠን በላይ አስረዝሜዋለሁ ማለት ነው፤ አፈርሳለሁ። ቡናማ ብሎኬት ጥቂት ስለነበረ በውጭ በኩል ብቻ አዋልሁት። ውስጧ ቢከፈት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆኖ የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ሸራዋን ከአቡጀዲ ሰፍቼ፣ ወደፊት እንደተነፋ በዱቄት ሙጫ አደረቅሁት። ኋላዋ ላይ ቀይ ባንዲራ ሰቀልሁ፤ እሱንም ወደ ኋላ እየተውለበለበ እንዲደርቅ አደረግሁት። ክረምቱ አለቀ፤ መርከቧም አለቀች።

በዚያው መስከረም የየወረዳው ማዕከላት ሥራቸውን የሚያሳዩበት ዐውደ ርእይ ሞጣ ላይ እንደሚደረግ ሰማን። የቢቸና ማዕከል ሲጋበዝ የመጀመሪያው ነበር፤ የምንወስደውም መርከቧን ብቻ ነው። እሷ ከፈረሰች ባዶ ጠረጴዛ ጀርባ መቆማችን ነው። ይህን እያሰብኩ በዋዜማው ጠዋት ካርቶኗን ታቅፌ ከጋሽ ፈንታሁን ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን።

ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጡ። በካርቶኑ አፍ አጮልቀው አዩና የኖኅ መርከብ እንደሆነች ጠየቁኝ። አይደለችም፣ የነጋዴ ናት አልኳቸው። ቅር ቢላቸውም ካርቶኑን ባንድ በኩል ደግፈውልኝ ሄዱ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ላይ ከኋላ የተጫነ የጤፍ ማዳበሪያ ተንሸራቶ ካርቶኑ ላይ ተጋደመ። ሞጣ ወርደን ስንከፍተው ገላዋ ደኅና ነው፤ ሸራዋና ባንዲራዋ ግን ተጨማደው እንደታጠበ መሐረብ ሆነዋል።

የከሰል ካውያ ያለው ሰው ስንጠይቅ ገበያው አጠገብ ወዳለ ልብስ ሰፊ መሩን። ጋሽ ይስማው ይባላሉ። ገና ከመግባታችን መርከቧን አይተው የያዙትን ሱሪ አስቀመጡ። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለው፣ ጦሩ ሲበተን ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ስፌት የያዙ ሰው ነበሩ። የሞጣ ሰው ለቀልድ ባሕረኛው እያለ ይጠራቸዋል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ስለ ባሕር ሲጠይቋቸው፣ «ብዙ ውኃ ነው» ከማለት በቀር የሚሉት እያጡ ወሬውን እንደተዉት ሸራውን እየተኮሱ ነገሩኝ።

ሸራውንና ባንዲራውን እንደቀድሞው አድርቄ ስሰቅላቸው ጋሽ ይስማው መርከቧን ዞረው አዩዋት።

«መምህርት፣ ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

ከፊት ነዋ፣ እየሄደች አይደል አልኳቸው። እኔ ሲሄድ ያየሁት ባንዲራ የባለሥልጣን መኪና ላይ ያለው ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ነው የሚውለበለበው።

«ታዲያ ሸራዋ ለምን ወደፊት ተነፋ?»

አንዴ ሸራውን፣ አንዴ ባንዲራውን አየሁ።

«መኪናን የሚያስኬዳት ሞተር ነው፣» አሉ ቀስ ብለው። «ይችን ግን ነፋሱ ራሱ ነው ከኋላ የሚገፋት። ባንዲራዋም አብሮ ወደፊት ነው የሚሄደው። እንዲህ ከሆነችማ አንድ መርከብ ላይ ሁለት ነፋስ አለ።»

ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ሳያት ሁለቱን ነፋስ አላየሁም። ጋሽ ይስማው በዚህ አላበቁም። የሳምቡክ ምሰሶ ወደ አፍንጫዋ ያዘነበለ መሆኑን አስረዱኝ። እኔ የቤት ምሰሶ አቆምሁላት፤ ቀጥ አድርጌ፣ መሐል ለመሐል፣ ጣራ የሚሸከም ይመስል። ባንዲራ ማዞር ቀላል ነው። ምሰሶውን ለማዘንበል ግን ወለሏን መክፈት ያስፈልጋል፤ ወለሏ ደግሞ ጎንና ጎኗን አያይዞ የያዘው ነው።

ጋሽ ፈንታሁን ሰዓታቸውን አዩ።

«የሺ፣ ነገ ጠዋት ነው የምንቀርበው። ባንዲራውን አዙሪና ምሰሶውን ተይው። ማን ያውቅብናል?»

«ማዳጋስካርን የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት፣» አልኳቸው።

ጋሽ ፈንታሁን ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ክፈቻት እንግዲህ፣» አሉኝ።

ከፈትኋት። የወለሏን ሦስተኛ ረድፍ ሳነሳ የግራ ጎኗ ተላቆ እጄ ላይ ቀረ፤ ብሎኬቶቹ የስፌት መኪናው ሥር ተበተኑ። ያን ጊዜ እውነቱን ልናገርና ማልቀስ አማረኝ። ጋሽ ፈንታሁንና ጋሽ ይስማው በጉልበታቸው ተንበርክከው መልቀም ጀመሩ። እነሱ እየለቀሙ እኔ ጎኗን ከአከርካሪዋ ጀምሬ እንደገና ደረደርሁ። እጄ መንገዱን ስለሚያውቀው ክረምቱን የፈጀብኝን ያህል አልፈጀብኝም።

የቀረው ምሰሶው ነው። ብሎኬት ቀጥ ብሎ እንጂ አዘንብሎ መቆም አያውቅም። ለመጠባበቂያ ይዘናቸው ከመጣን ትርፍ ዕቃዎች መካከል የመጫወቻ ቤት መስኮት ማጠፊያ ነበረ፤ ምሰሶውን እሱ ላይ ተከልሁት። ወደ ፊት አዘነበለ፤ ግን እጄን ስለቅቀው ተደፋ። ደግሜ አቆምሁት፤ ደግሞ ተደፋ።

«በወለሉ ልታቆሚው ነው የምትታገዪ፣» አሉ ጋሽ ይስማው። «ምሰሶን የሚያቆመው ገመድ ነው፤ ከኋላና ከግራ ቀኝ ወጥሪው።»

ኮት የሚሰፉበትን ጠንካራ ክር ከማጠንጠኛው ፈቱልኝ። ከምሰሶው ጫፍ አንዱን ወደ ኋላ፣ ሌሎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎኗ ወጥሬ አሰርሁ። ምሰሶው ወደፊት አዘንብሎ ቆመ። እኔ ገመዶቹን ሥዕሉ ላይ ሳያቸው ለጌጥ የተሠሩ መስለውኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለሏን ዘግቼ፣ ባንዲራውን ወደፊት አዞርሁት።

በማግሥቱ ከዳኞቹ አንዱ ባንዲራው ዞሮብሻል አሉኝ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነገርኳቸው፤ እኔም ገና ትናንት መማሬን ጨመርሁላቸው፤ ተሳሳቅን። ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጣው ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ ከቆርቆሮና ከጎማ የተሠራ የውኃ መሳቢያ ነው። ትንሽ አቃጠለኝ፤ ነገር ግን ውኃ በትክክል ሲስብ በዓይኔ ስላየሁ አጨበጨብሁ።

አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ይስማው ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ልጆቹ የትምህርት ቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነቀፌታ ጠበቅሁ፤ ሌላ የሳትሁት ነገር አይጠፋም ብዬ። ጋሽ ይስማው መርከቧን አዩ። ምሰሶውን አዩ። ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አልተናገሩም። በጣታቸው ኋላዋን አመለከቱ።

«መሪውን የሚይዘው ሰውዬ እዚህ ይቀመጣል፣» አሏቸው ለልጆቻቸው። «ጠዋት ጠዋት ወደቡ ሲደርሱ ዘፈናቸው ከሩቅ ይሰማን ነበር። ሸራውን የሚያወርዱት እየዘፈኑ ነው፤ ብቻውን የሚጎትት የለም።»

ትንሿ ልጅ ወደ መርከቧ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ አንተ የት ነበርክ?»

ጋሽ ይስማው እጃቸውን ከመርከቧ አሻግረው፣ የጠረጴዛውን ባዶ ጫፍ አሳዩዋት።

«እኔ እዚያ ማዶ፣ የብረቷ መርከብ ላይ።»

ልጅቷ ባዶውን ጠረጴዛ አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። ታላቅየዋ ስለ ጨው ጠየቀች፣ ስለ ዓሣ ጠየቀች፣ ማታ ምን እንደሚታይ ጠየቀች። እናቲቱም ነጠላዋን አስተካክላ መስማት ጀመረች። የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፉን ይዞ ቢመጣም እሱም ቆሞ ቀረ። ጋሽ ፈንታሁን ክንዴን ነካ አድርገው፣ ስለ መርከቧ ምንም አላሉምኮ፣ ሳይወዷት ቀርተው ይሆን ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አይመስለኝም አልኳቸው። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ሁለተኛነቱም አላጎደለው፣ አንደኛነትም ቢሆን አይጨምርበትም ነበር።

መርከቧ ዓመቱን ሙሉ በአበጀ ክፍል አገለገለች። በማጠቃለያው ፈተና ተማሪዎቹ የሣሏቸው መርከቦች ጎማ አልነበራቸውም፤ ባንዲራቸውም ወደፊት ነበር። ከዚያ በሕጉ መሠረት አፈረስኋት። በኋላ ሌሎች መርከቦች ሠራሁ፤ አንድም ሳይቀር ፈረሱ። ጋሽ ይስማው ለእያንዳንዳቸው ሸራ ሰፍተውልኛል።

አሁን ማዕከሉን ለያዛችሁት የምለው ይህ ነው። ነገሩን ኖሮበት የሚያውቅ ሰው የሠራችሁትን አይቶ፣ ስለ ሥራችሁ ምንም ሳይል ስለ ነገሩ ማውራት ከጀመረ፣ ሥራው ልክ ነው። እዚያ ላይ እጃችሁን ከሥራው አንሡ።