የኮሪጋኗ አኒክ

ቲኔከ ጀልባዋ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ሸራ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። መርፌው ወፍራም ነው፤ እንዳይወጋት መዳፏ ላይ ቁራጭ ቆዳ አስራለች። ሸራው የጎረቤት ጀልባ ነው። በየስፌቱ መካከል ቀና እያለች የኦፑዋን ባሕረ ሰላጤ አፍ ትቃኛለች፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ምሰሶው ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ጀልባ ብቅ ይል እንደሆነ።

ጀልባው ኮሪጋን ይባላል፤ የጓደኛዋ የአኒክና የባሏ የሎይክ ቤት ነው። ቲኔከና ባሏ ዊምም እንደነሱ ቤታቸው ጀልባ ነው። አራቱ ከፓናማ ጀምሮ በየወደቡ ሲገናኙና ሲለያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቶንጋ ላይ የተለያዩትም የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳይገባ ኒውዚላንድ ኦፑዋ እንገናኝ ተባብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ ክፉ ነፋስ አልፏል፤ የኮሪጋን ወሬ ግን የለም። ዘመኑ ስልክ በኪስ የሚያዝበት አልነበረም። ያለው የጠዋት ራዲዮ ነው፤ ግራሃም የሚባል እንግሊዛዊ ከጀልባው ሆኖ ስም ይጠራል፣ ሁሉም በየተራው «አለሁ» ይላል።

ያን ዕለት ጠዋት ቲኔከ እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ስተርን ነኝ» አለች። የራሷ ጀልባ ስም ነው፤ ባሕር ላይ ሰው የሚጠራው በጀልባው ነው። «ኮሪጋንን ያየ አለ?»

ማንም አላየም።

«እንግዲያው ለፍለጋ ሰዎች እናመልክት» አለ ግራሃም። «የሴትዮዋን ሙሉ ስም ንገሪኝ።»

«አኒክ።»

«አኒክ ማን?»

ቲኔከ የአኒክ የትኛው ጥርሷ እንደሚያማት ታውቃለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ምን እንደምታንጎራጉር፣ ሎይክ ሲያንኮራፋ በየትኛው ጎኑ እንደምትገፋው ታውቃለች። የቤተሰቧን ስም ግን አታውቅም።

«አኒክ… ኮሪጋን» አለች በመጨረሻ።

«እሱማ ጀልባው ነው፣ እመቤቴ!»

አንዱ በራዲዮ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ። እያንዳንዱ በልቡ የገዛ ጓደኛውን ስም መፈለግ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር?» አላት ዊም።

«አንተስ የሎይክን ታውቃለህ?»

«እኔማ ሰውየውን የማውቀው በሚያጠምደው ዓሣ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ዊም የጣደው አተር ሳይበስል ጋዝ አለቀ። «ሱቁ ሳይዘጋ ድረሽ» አላት። ባዶውን ሲሊንደር ትንሿ ታንኳ ውስጥ አስገብታ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመረች።

መንገዷ ከውጭ አገር አዲስ የገቡ ጀልባዎች በሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ አጠገብ ነው። እነሱ ቢጫ ባንዲራ ሰቅለው ይቆያሉ፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሽታ እንዳያስገቡ ማራቸውንና እንቁላላቸውን ወስዶ እስኪፈቅድላቸው ድረስ የሚወርድም የሚወጣም የለም። ዛሬ የታሰረው ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን የተሰፋ የሚመስል፣ ሰፊ ነጭ ነገር ነው። ቲኔከ ዞራም አላየችው። የእነሱ ዓይነት ሰዎች እንዲህ ያለውን ጀልባ አይወዱም፤ ከሁሉ የባሰችው ደግሞ አኒክ ናት፤ «ተንሳፋፊ ወጥ ቤት» ነው የምትለው።

«ስተርን! ዛሬም ጠማማ ነው የምትቀዝፊው!»

የቲኔከ አንዱ መቅዘፊያ ከእጇ አምልጦ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ነጩ ጀልባ ላይ አኒክ ሽርጥ ለብሳ፣ ጭልፋ ይዛ ቆማለች።

«አንቺ! ሞተሻል ብዬ እኮ…»

«የሞተ ሰው እንዲህ ይወፍራል? መቅዘፊያሽን ያዢ፣ ሊሄድብሽ ነው!»

ቲኔከ መቅዘፊያዋን ለቀመች። «ኮሪጋንስ?»

አኒክ መልስ ከመስጠቷ በፊት እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ፊጂ ላይ ሸጥነው። የሎይክ ዳሌ እምቢ አለ። እሱን በአውሮፕላን አገሩ ላክሁትና እኔ ለእነዚህ ሰዎች እያበሰልኩ መጣሁ። ኦፑዋ እንገናኝ ተባብለን የለ?»

«በዚህ ላይ?»

«በዚህ ላይ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አገሩ ሁሉ ቀይ ጀልባ ሲፈልግ ከረመ! የቤተሰብሽን ስም ቢጠይቁኝ አጣሁት፤ እንዴት እንዳፈርኩ።»

«ኬርጎአት ነው። ግን ማን በሱ ጠርቶኝ ያውቃል?»

«ኮሪጋን ልበልሽ እንዳልል ደግሞ ጀልባው ተሸጧል…»

አኒክ ጭልፋውን አገላበጠች። «በዪኝ» አለች። «ስሙ ውሎ አድሮ ይለቀኛል፤ እስኪለቀኝ ድረስ በዪኝ።»

ቲኔከ ታንኳዋን ልታስጠጋ ስትል አኒክ እጇን አነሳች። «ራቅ በይ! ተቆጣጣሪው ነገ ነው የሚመጣው። ከነካሽኝ አንቺንም እንደ ማሩ ይወስዱሻል።»

«ነገ እንተቃቀፋለን እንግዲህ።»

«ነገ። ከነገ ወዲያ ደግሞ እበራለሁ፤ ሎይክ ብቻውን ነው።»

ስለዚህ ቲኔከ አልሄደችም። ማዕበሉ ወደ ውጭ በገፋት ቁጥር ሁለት ሦስቴ ቀዝፋ ትመለሳለች፤ አኒክም ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ወደብ ዳር ባለሱቁ ሰሌዳውን አስገብቶ በሩን ሲቆልፍ ሁለቱም አዩት። ሲሊንደሩ ባዶውን በቲኔከ እግሮች መካከል ተጋድሟል።

«ሱቅ ነበር የምትሄጂው?» አለች አኒክ።

«አይ፣ ምንም አይደል። ስለ ፊጂው ንገሪኝ» አለች ቲኔከ።