አስታማሚውን ያስታመመ ጌታ

ቅዱሳን ሆይ፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልሁ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ስሙ ይባረክ! ዩኒቨርሲቲ ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዳልናገር አስተምሮኛል፤ ዘመኑ ግን ርቋልና የተምታታብኝ ካለ ይቅር በሉኝ። ዋናውን አልረሳሁትም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት፣ ጋምቤላ ከተማ በአንድ ጡረተኛ የጉምሩክ ሹም ቤት እያደርሁ አስታማሚ ነበርሁ። የሹሙ የግራዝማች ወልዴ ግማሽ አካል አይታዘዝላቸውም። አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። እርሳቸው አጎበር ውስጥ፣ እኔ ከአልጋቸው ሥር ሰሌን ላይ እንተኛለን። ከእጃቸው እስከ እግሬ ሲባጎ ታስሯል፤ ሲፈልጉኝ ይስባሉ። ማንም ክፋት አላየበትም፤ እኔም ጭምር። የዕረፍት ቀን አልነበረኝም። እግዚአብሔርን በልማድ አውቀው ነበር እንጂ እርሱ እንደሚያውቀኝ አላውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ክረምቱ የወጣ ይመስለኛል፣ ግራዝማች ሲባጎውን ቢስቡ ቢስቡ አልነቃሁም። ወባ ጥሎኝ ነበር። ሊያክመኝ የመጣው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ «ይህ ልጅ ካላረፈና አጎበር ውስጥ ካልተኛ መድኃኒቴ ብቻውን አያድነውም» አለ።

ግራዝማችም፣ «ታማሚ ታማሚን አያስታምም! በሚመጣው መኪና ወደ ጎሬ ላኩት» አሉ። የጎሬን ዳገት በዚያ ትኩሳት ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊታችሁ ባልቆምሁም።

ድሬሰሩ በሚሽኑ ላሉት የአኙዋ ምእመናን ሽማግሌ፣ ለዓሣ አስጋሪው ለኦሞድ ነገረው። ኦሞድ ሁለት እኅቶችን አስከትሎ መጣ።

«ግራዝማች፣ ልጁ አይሄድም። እስኪድን እኛ በተራ አንተን እናስታምማለን።»

«የሚሽን ሰው እጅ አያጎርሰኝም!»

«እሺ፣ ብቻህን ብላ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ማንኪያውን ራሳቸው አነሡ፤ ከእጃቸው ወደቀ። ሳቅ አመለጣቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ምላጭ ነው! በል አጉርሰኝ። ምን ልክፈል?»

«ገንዘብ አንፈልግም። ለልጁ አልጋ፣ አጎበር። ሲድን ደግሞ እሁድ የራሱ ነው፤ እኛ እንተካለታለን።»

«አጎበሩስ ይሁን። እሁድን ማን ሰጠህ?»

«እግዚአብሔር። ለሁላችን ሰጠ፤ አንተ ብቻህን ያዝከው።»

ክብር ለጌታ! አልጋ ተዘረጋልኝ፤ እየጸለዩ መድኃኒቱን አስዋጡኝ፤ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። መድኃኒቱ ነው ወይስ ጸሎቱ ብትሉኝ፣ ሁለቱንም ከአንድ እጅ ተቀብያለሁ። ኦሞድ ፊቴን በርጥብ ጨርቅ ሲጠርግ፣ «ለምን ትደክሙልኛላችሁ?» አልሁት። «እኛንም ጌታ አስታሞናል» አለኝ። ቃሉ እንዲህ ነበር ወይስ በዓመታት ብዛት እኔ አሳምሬው ይሆን? እርግጠኛ አይደለሁም። ማልቀሴን ግን አውቃለሁ። ሌላውን ስደግፍ የኖርሁት እኔ፣ የምደገፍበት እንዳለኝ ያን ቀን ገባኝ። በመጀመሪያዋ የራሴ እሁድ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ሃሌ ሉያ!

ግራዝማችንም እስከ መጨረሻቸው አስታመምኋቸው። ወገኖቼ፣ ከዲግሪዬ ይልቅ አስታማሚ በመሆኔ እኮራለሁ! በዚያች ጉባኤ ደግሞ አብልጬ እኮራለሁ፤ በየሰው ቤት እያደሩ ለሚያስታምሙ ሁሉ የእሁዱን ተራ መሸፈን ሥርዓቷ አድርጋው ነበርና።

በሰው ቤት እያደራችሁ የምታስታምሙ፣ ጌታን እመኑት፤ ድካማችሁን ያያል። አስታማሚ በቤታችሁ የምታሳድሩም፣ ከዚህ ስትመለሱ የት እንደሚተኛ ሄዳችሁ እዩ። ጌታ እዚያ ቀድሟችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ።