ሰባ ዘጠኝ ከመቶ

ቦንጋ ከተማ አራት ቀን ሙሉ ያልኩትን ሁሉ አምናኛለች። እኔን! ይሄን የሚቀበለኝ እንደሌለ አውቃለሁ። የማያውቁኝ ይጠራጠራሉ፤ የሚያውቁኝ ደግሞ ወንበር ስበው ቁጭ ይሉና ቀጣዩን ቀልድ ይጠብቃሉ።

ጃንጥላና ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ያልገባኝን እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። እንደ ቦንጋ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጃንጥላ ጠጋኝ መሆን ከባለሥልጣንነት አይተናነስም። ግን ሰው ስለ ሥራዬ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ አፌ ነው። እጄ ሽቦ ሲጠመዝዝ አፌ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ያጋንናል። ሰው ቆሞ ይስቃል፤ ጃንጥላው ካለቀ በኋላም ይቆማል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው፣ ከጃንጥላው በኋላ የሚቆመውን።

ምክንያቱም ቤት የሚስቅልኝ የለም። ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ልጃችን አዲስ አበባ ነው፤ ሥራ ይበዛበታል። ቤት ስገባ ለጥገና የመጡትን ራዲዮዎች ሁለት ሦስቱን በተለያየ ጣቢያ እከፍታቸዋለሁ። አንዱ ዜና ያወራል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ስለ በቆሎ ተባይ ይመክራል። ከውጭ ለሚሰማ እንግዳ የሞላበት ቤት ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ለኔም ይመስለኛል።

የማታ ትምህርት የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለሰው ስናገር “ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ሚኒስትር ቢያደርጉኝም እምቢ አልልም” እላለሁ። እውነቱ ግን፣ አምፖል የበራበት ክፍል ነው፣ ሰው አለበት፣ ስም ሲጠራ “አቤት” ትላለህ። በቀን ውስጥ ስሜን በሙሉ የሚጠራው እዚያ ብቻ ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ከቦንጋ ወጣ ካለው ገጠር ከማንኪራ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ቀን ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች፤ ማታ ጣቶቿ በውሃ ተጨማደው መጥታ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ትጠጣለች። እኔ እንግሊዝኛ የማውቀው ራዲዮ ላይ የተጻፈውን ነው። ከማብሪያና ከማጥፊያው ካለፈ ይጠፋብኛል። እሷ “ጋሼ፣ ይሄ ያለፈ ጊዜ ነው” ስትለኝ “የኔም ጊዜ አልፏል፣ ተይው” እላታለሁ፤ ትስቃለች። አብረን የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ተፈተንን። መለያ ቁጥራችን ተከታታይ ነበር፤ ስለዚህ አዳራሹ ውስጥም ጎን ለጎን ነበርን።

ውጤቱ የተለቀቀ ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ ቁጥሬን አስገባሁ። ከስድስት መቶ ሦስት መቶ አስራ ስምንት! ማለፊያው ሦስት መቶ ነው። ጮህኩ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ።

“ምን ሆንክ?”

“አለፍኩ!”

“ባለፈው ሳምንት ጨረቃ ላይ አንቴና ተከልኩ ያልከው ሰውዬ ነህ እኮ።”

ስልኬን አሳየሁት። “የተነካካ ፎቶ ነው” አለ። የራሱን ስልክ አውጥቶ ቁጥሬን ራሱ ጻፈ። ጠበቀ። ያው ወጣ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጠኝ።

“እንግዲህ እስከ ዛሬ የነገርከኝን ሁሉ እንደገና ላስብበት ነው” አለኝ።

ከሰዓት በፊት መንገዱ ሁሉ ሰማ። ባጃጅ የሚነዱት ጡሩንባ ነፉልኝ። ቀበሌ የሚሠራው፣ ባየኝ ቁጥር “ውሸታሙ” የሚለኝ ሰውዬ፣ ጃንጥላውን ይዞ መጣና “እርስዎ” አለኝ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ለልጄ ደወልኩ። “አባዬ፣ እባክህ ይሄን ለሰው እንዳታወራ፤ ይስቁብሃል” አለና ቸኩሎ ዘጋ። የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላኩለት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ ደወለ። ራሱ! “እውነት ነው እንዴ አባዬ?” ድምፁ የልጅነቱን ሆነ። ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጓደኞቹን ጠርቶ “አባቴ ነው” ሲላቸው ሰማሁ። “ለገና እመጣለሁ” አለ። ያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ራዲዮ አልከፈትኩም።

ጉረኛ ሰው ሲያገኝ አይበቃውም። ሰፈርተኛው ውጤቴን አንድ በአንድ ሲያይ ሒሳብ አርባ አንድ ሆኖ ተገኘ። “አንተ? አርባ አንድ? ማሽኑ ነው የተሳሳተው፤ እንደገና ይታረምልኝ በል!” አሉኝ። እኔም አመንኩ። በማግስቱ ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድ ልጠይቅ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ እንደኔው ብቻዋን የምትበላ። የክፍሉን ውጤት ዘርግታ አገኘኋት።

“ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! እንግሊዝኛ ሰባ ዘጠኝ! እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው ብዬ ልኮራብዎት ነው።”

“ቲቸር፣ እሱ ምንም አይደል፤ ለሒሳቡ ነው የመጣሁት። ይታረምልኝ።”

“በኢንተርኔት ነው፤ አምስት ቀን ነው የተሰጠው፣ አራት ቀርቷል። እሞላልዎታለሁ።” ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። “እኔን ያቃጠለኝ የማንኪራዋ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ እንግሊዝኛ ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት! ተኝታ ብትሠራው ሰባ ታመጣለች። ድምሯን ሁለት መቶ ሰባ አንድ አደረገባት። ቅሬታ አስገቢ ብላት ‘ማሽን አይሳሳትም፤ እኔ ነኝ የደነገጥኩት’ ብላ ትናንት ወደ ቤተሰቧ ሄደች። ስልኳም ዝግ ነው።”

የፈተናው ጠዋት መጣብኝ።

የመልስ ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በፊት መለያ ቁጥር በእርሳስ ይጠቆራል። ማሽኑ የሚያየው በእጅ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ያንን ጥቁር ክብ ነው። የመጀመሪያው ፈተና እንግሊዝኛ ነበር። ልጅቷ ደንግጣ እርሳሷን ሁለቴ ሰበረች። እኔ ደግሞ “በማጥቆር በከፋ ዞን የሚስተካከለኝ የለም” ብዬ ሦስት ወር ያወራሁ ሰው ነኝ። “አምጪው” አልኳት። ሁለቱንም ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ የሷንም የኔንም ቁጥር አጠቆርኩ። ፈታኙ ደርሶ “አባት፣ የራስዎን ይሥሩ” እስኪለኝ ጨርሼ ነበር። መነጽር አለኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። መነጽር ያደረገ ሰው ያረጀ ይመስላል ብዬ። የኔን ቁጥር በሷ ወረቀት፣ የሷን በኔ ላይ አጥቁሬዋለሁ። በቀሪዎቹ ፈተናዎች ተረጋግታ ራሷ አጠቆረች።

እንግሊዝኛውን እንዴት እንደሠራሁት እኔ አውቃለሁ። ግማሹን ገምቼ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥያቄዎች ሳላነብ ከላይ እስከ ታች “ሲ” ነው ያደረግኳቸው። ሃያ ሰባቱ የኔ ነው።

“የሒሳቡን ላስብበት ቲቸር” ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሙሉ ቀን ሥራ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ጀግና ብሆን ኖሮ ወዲያው ሮጥኩ እላችሁ ነበር፤ አልሮጥኩም። ማንም አያውቅም አልኩ። እሷ ወጣት ናት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች። የኔ ልጅ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይደውላል? ሰው እያለፈ “እርስዎ” ይለኛል። ቀልድ ስናገር ግን የሚስቅ የለም፤ አምነውኛላ! አንዱን “ይሄን ጃንጥላ ለንጉሥ ነበር የሠራሁት” ብለው “እውነትዎን ነው?” ብሎ በአክብሮት ነካካው። ጃንጥላው እንዳለቀ ከፍሎ ሄደ። ሌላውም ከፍሎ ሄደ። የቆመ የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንኪራ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጫካው ውስጥ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። የማወራው ሰው ስላልነበረ የምናገረውን ለዛፎቹ ደጋግሜ ተለማመድኩ፤ ለዛፍ ሲነገር ቀላል ነው።

አባቷ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ቀፎ እያሰረ ነበር። እሷ እንጨት ተሸክማ መጣች፤ ስታየኝ አውርዳው ሮጠች።

“ጋሼ! እዚህ ድረስ በእግርዎ?”

ሳልቀመጥ ነገርኳት፣ ቁጥሩን፣ ማጥቆሩን፣ መነጽሩን። ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

“ሊያጽናኑኝ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።”

አባቷ ሳቀ። “ይሄ ሰውዬ እኮ ዝሆን ጃንጥላ አስጠገነኝ ብሎ ገበያ ላይ የነገረኝ ነው!”

እኔ ነኝ ያልኩት። ምን ልበል? በሕይወቴ የሚጎዳኝን እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ እሱንም አላመኑኝም።

“እሺ” አልኳት፣ “የመጨረሻው ምንባብ ስለ ምን ነበር?”

“ስለ ወንዝ። ከተማ መሃል ስለሚያልፍ ወንዝ።”

“እኔ ወንዝ መኖሩን አሁን ነው የሰማሁት። ሃያውንም ‘ሲ’ ነው ያልኩት። ስንት ጠብቀሽ ነበር?”

“ሰማንያ።”

“ሰባ ዘጠኝ ነው ያለኝ። አንዷን የት እንደጣልሻት አንቺ ታውቂያለሽ።”

አባቷ የያዘውን ማሰሪያ ለቀቀ። መሳቁን አቆመ። ልጅቷ ጣቷን እየቆጠረች ቆየች፤ ሒሳብም ታውቃለች።

“ጋሼ፣ እንደገና ከታየ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ነው የሚሆኑት። ይወድቃሉ።”

“ወድቄ አላውቅም እንዴ?”

“አላመለክትም። እኔ እንደገና እፈተናለሁ።”

“አንቺ ባታመለክቺ እኔ አመለክታለሁ። የሷን ሰጥታችሁኛል እላቸዋለሁ። ብቻዬን ስል ግን ቀልዴ ነው ብለው ሁለታችንንም ይጥሉናል።”

አባቷ በከፋ ቋንቋችን፣ ቀስ ብሎ፣ “ቤትህ ማን አለ?” አለኝ። ጥያቄው ከምን እንደመጣ አላውቅም። “ራዲዮዎች” አልኩት። ገብቶ ብርዝ ይዞልኝ መጣ፣ አብረን ጠጣን።

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ልጅቷ፣ መምህሯና እኔ ከመምህሯ ስልክ ፊት ተደረደርን። የልጅቷ ቶሎ አለቀ። የኔ አስቸገረ። ቅሬታህን ምረጥ ይላል፦ ውጤቴ አንሷል፤ ውጤቴ አልመጣም፤ ስሜ ተሳስቷል። “ውጤቴ በዝቷል” የሚል የለም! መምህሯ “ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ሰው አልጠበቁም” አለች። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። “ሌላ” የሚለውን ነክተን የተሰጠኝ የኔ አይደለም፣ ለባለቤቷ ስጡልኝ ብዬ አስጻፍኩ።

ወር ሳይሞላ ታረመ። እሷ ሦስት መቶ ሃያ ሦስት፤ እኔ ደግሞ እሷ ያለችው ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት። ሩቅ ክፍለ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። አውቶቡስ ስትሳፈር ጃንጥላ ሰጠኋት፣ አዲስ፣ ያልተጠገነ።

ለልጄ ራሴ ደውዬ ነገርኩት። “እሺ አባዬ” አለና ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው። የገና በዓል መጣ፣ አለፈ። ሥራ በዝቶበት ነው።

ሰፈሩ ደግሞ መውደቄን ወዲያው አመነ። ውጤቱን ራሴ መመለሴን ግን እስከ ዛሬ የተቀበለኝ የለም። ፀጉር አስተካካዩ “ተይዘህ ነው እንጂ!” ይላል፤ ሰው ቆሞ ይስቃል። ዘንድሮም ተመዝግቤያለሁ፤ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነኝ፣ አጠገቤ ያለው ቦታ ላይ ደብተሬን አስቀምጣለሁ።

ያላመነ ይሂድና ይጠይቅ! መምህሯ ቦንጋ አለች፤ ቅሬታውን በጣቷ የጻፈችው እሷ ናት። ማንኪራ ወርዳችሁ ቀፎ የሚሰቅለውን ሰውዬ ጠይቁ፤ ብርዝ ሳያጠጣ አይመልስም። ልጅቷን ጠይቁ። ልጄንም ጠይቁት፣ አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩን ካነሳላችሁ።