አስቴርን ያስተማርኳት ትንፋሽ

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስናዘዝ እንኳ ዘልዬዋለሁ። አሁንም የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ካዘናችሁልኝ ነገሩ አልገባችሁም ማለት ነው።

አረብ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ በሰዓት እየተቀጠርኩ ቤት አጸዳለሁ። ወይብደህ የሚባል ሰፈር ከአስቴር ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አስቴርን እጠላት ነበር። ምን አድርጋኝ? አንድ አርብ ታምሜ፣ ጁበይሃ ሰፈር አርብ አርብ የማጸዳው ቤት እንድትተካኝ ላክኋት። ማዳሟ ወደደቻት። "ኻላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ እሷ ትምጣ" አለችኝ። አስቴር እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምንም አይደል አልኳት፤ ቂሙን ግን ያዝኩት።

ሽሜሳኒ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ዮጋ የሚያሠሩበት ቤት አጸዳ ነበር። አስተማሪዋ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምትለውን፣ መስተዋት ስወለውል እየሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። የትንፋሹ ልምምድ በባዶ ሆድ፣ ቁጭ ተብሎ ይሠራል። ሆድን ወደ ውስጥ እየሳቡ ትንፋሽን በአፍንጫ በኃይል ማስወጣት ነው፤ የሚገባው በራሱ ይገባል። ራስ ካዞረ ወዲያው ይቆማል። እርጉዝ፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው አይሞክረውም። አንዲት ሴት ግፊት እንዳለባት ብትነግራት ለብቻዋ አስቀምጣ ዝግ ብላ እንድትተነፍስ አደረገቻት። በዓይኔ አይቻለሁ። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

አስቴር የግፊት ኪኒን ትውጥ ነበር። ከማበጠሪያዬ አጠገብ ነበር የምታስቀምጠው። አንድ ጠዋት ራሷን ይዛ፣ ያ አንድ ጊዜ የነገርኳት የዮጋ ትንፋሽ ለራስ ምታት ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይሆናል አልኳት። ቆመሽ ሥሪው አልኳት። ፍጠኚ፣ አሁንም ፍጠኚ አልኳት።

"እህቴ፣ እያዞረኝ ነው" አለችኝ።

"መጀመሪያ እንደዚያ ነው። አታቁሚ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። እንድትሞት ፈልጌ ነበር? አይደለም። እንድትታመም ግን ፈልጌ ነበር። አርብ ከአልጋዋ መነሳት እንዲያቅታት ፈልጌ ነበር። ይሄ ከዚያ ይሻላል?

በክፍላችን ማሞቂያ ብረት ጠርዝ ላይ ወደቀች። ግንባሯ ተተረተረ፣ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ወስጃት ተንሸራታ ነው አልኩ። ለእሷ ደግሞ ቁርስ ሳትበዪ ስለሠራሽ ነው አልኳት። አመነችኝ። እጇ ተጣምሞ ገጠመ፣ መወልወያ መጭመቅ አቃታት፣ የምታጸዳቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አጥታ አገሯ ገባች። ስትሄድ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ እንደ እህት ስላስታመምሽኝ ብላ አመሰገነችኝ። እኔ ወደ ጁበይሃው ቤት ተመለስኩ። አዎ፣ ተመለስኩ።

ማክሰኞ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እናቷም ግፊት ይዟቸው ራሳቸውን ያማቸዋል አለች። "ያንን ትንፋሽ ላስተምራቸው ብዬ ነው። ቁርስ በልተው ከሠሩት ችግር የለውም አይደል?"

ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዝም ማለት ይቻል ነበር፣ ሌላ ውሸት መፈለግም ይቻል ነበር። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ "እንዳታስተምሪያቸው። ግፊት ላለበት ሰው ክልክል ነው። አንቺን አታቁሚ ስልሽም አውቅ ነበር።"

ሰምታዋለች። እስካሁን አልመለሰችም። ይቅር በይኝ አላልኳትም። እጇን ሰብሬ፣ አሁን ደግሞ እኔን አጽናኚኝ ልበላት?