ጭስ መውጫ ብዬ የሣልኩት ቀዳዳ

ዛሬ ጎረቤላ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ቆጥ ላይ፣ መውረጃ አጥቼ ሁለት ሰዓት ቁጭ አልኩ።

ስለ ድሮ ቤቶች ለማጠናው ጥናት ጣሪያውን ልለካ ነበር የወጣሁት። የቤቱ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ሜትሩን ይዛልኛለች። ድንገት ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ለካ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው!

"እባክሽ እንዳንወርድ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ፊታቸው ቆሜ እንቢ ማለት አልችልም።"

እግሬ ደነዘዘ። አቧራው አፍንጫዬን ይበላኛል። (ማስነጠስ የሚከለክል ጥናት እንዳለ ማንም አልነገረኝም።)

አባቷ ከታች "እግዚአብሔር ከፈቀደ እኛ ምን ከልካይ ነን" ሲሉ ሰማን። ልጅቷ ክው አለች።

የቆጡ ወለል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እኔ ሥዕሌ ላይ "ጭስ መውጫ" ብያታለሁ። ልጅቷ አጠገቧ ካለው ጆንያ ገብስ ቆንጠር አድርጋ በቀዳዳዋ ጣለች። ከሥር የቆሙት እናቷ አንገት ላይ አረፈ።

እናቷ ቀና እንኳ ሳይሉ ነጠላቸውን አራገፉና "ልጄ መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ "በሁለት ሳምንት እንመለሳለን" ብለው ወጡ።

"እማዬ የተወለደችው እዚሁ ቤት ነው" አለችኝ ልጅቷ። "በጊዜዋ እሷም በዚህችው ቀዳዳ ገብስ ጥላ ነበር። ታች ሆኖ የሰማት ግን አልነበረም።"

እኔ ወረድኩ። ልጅቷ እዚያው ቆጡ ላይ ቀረች።

"ጭስ መውጫ" የሚለውን ሰርዣለሁ፤ በምትኩ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አላውቅም። እናንተ ባደጋችሁበት ቤት ሴቶቹ እንቢታቸውን የሚያሰሙት በየት በኩል ነበር?